የማንም አንደኛ ምርጫ ያልነበረው ፌዴሬሽን፦ የኤርትራ ዕጣ በኒውዮርክ እንዴት ተወሰነ

የቀረበው ጥያቄ፦ «በትምህርት ቤት ኤርትራ ወደ እናት አገሯ የተመለሰችው አክሊሉ ሀብተወልድ በተባበሩት መንግሥታት ተከራክረው ነው ተብለን ተማርን። ሌላ ቦታ ደግሞ አሜሪካ ለአስመራው የራዲዮ ጣቢያዋ ስትል ለኢትዮጵያ እንደሰጠቻት አነበብኩ። የትኛው ነው ትክክሉ? ሕዝቡስ ተጠይቆ ነበር? በ1962 ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ የተባበሩት መንግሥታት ለምን ዝም አለ?»

ምላሽ፦

ሁለቱም ታሪኮች የየራሳቸው እውነት አላቸው። ሁለቱም ግን አንድ ደረቅ የሚመስል ነገር ይዘላሉ፤ የድምፅ ቆጠራውን። የኤርትራን ጉዳይ ስናነሳ ስለ ደም፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ባሕር በር ወይም ስለ ሴራ እንጂ ስለ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማውራት አይቀናንም። እኔ ግን ሰነዶቹን ባገላበጥኩ ቁጥር የምደርስበት መደምደሚያ አንድ ነው። ፌዴሬሽኑ የማንም ዋና ጥያቄ አልነበረም፤ ሌላው አማራጭ ሁሉ ድምፅ እያጣ ሲወድቅ ሜዳው ላይ የቀረ ነው። በኋላ የፈረሰበትም አንዱ ምክንያት ከዚሁ ከአወላለዱ ይመዘዛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ለይቼ ካልገለጽኩ በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሕጉ እንነሳ። ጣሊያን ኤርትራን ቅኝ ግዛቷ አድርጋ ያወጀችው በጥር 1 ቀን 1890 ነው። በመጋቢት 1941 ከረን ላይ ተሸንፋ፣ በሚያዝያ 1 ቀን የእንግሊዝ ጦር አስመራ ገባ። ከዚያ እስከ 1952 አገሩን ያስተዳደሩት እንግሊዞች ናቸው። ይሁን እንጂ በጦርነት ሕግ ጠላቱን አባርሮ መሬት የያዘ ኃይል ያስተዳድራል እንጂ የግዛቱን ሉዓላዊነት ለማንም መስጠት አይችልም። እንግሊዝ ኤርትራን ለኢትዮጵያ «ልትመልስ» ብትፈልግ እንኳ ሕጋዊ ሥልጣኑ አልነበራትም፤ ለራሷም ልትወስደው አትችልም ነበር። ስለዚህ ስድስት ዓመት ሙሉ ኤርትራ በወረቀት የጣሊያን፣ በተግባር የእንግሊዝ ሆና ቆየች።

ወረቀቱን የቀየረው በየካቲት 10 ቀን 1947 ፓሪስ ላይ የተፈረመው ከጣሊያን ጋር የተደረገ የሰላም ውል ነው። በአንቀጽ 23 ጣሊያን በሊቢያ፣ በኤርትራና በሶማሊያዋ ላይ የነበራትን መብት ሁሉ ለቀቀች። ለማን ለቀቀች? ውሉ ይህን አይናገርም። የሚለው፣ አራቱ ኃያላን ማለትም እንግሊዝ፣ አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና ፈረንሳይ፣ ውሉ ከጸናበት ዕለት ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ በጋራ ይወስኑ ነው። ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ይሄዳል፤ ጉባኤው የሚያቀርበውንም ምክረ ሐሳብ አራቱም ለመቀበል ከወዲሁ ቃል ገብተዋል። የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ በተለመደው አሠራር ምክር ነው፤ ማንንም አያስገድድም። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ኃያላኑ አስቀድመው በውል ራሳቸውን ስላሰሩ ምክሩ ፍርድ ሆነ። ጉባኤው የአንድን ግዛት ሉዓላዊነት በእጁ ያስገባው በዚህ ጠባብ በር ነው።

ውሉ የጸናው በመስከረም 15 ቀን 1947 ነበር። ስለዚህ የአራቱ ቀነ ገደብ መስከረም 15 ቀን 1948 ነው። በዚያው ሳምንት ፓሪስ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ተገናኝተው ሳይስማሙ ተለያዩ።

ያልተስማሙት በኤርትራ ምክንያት ብቻ ቢመስለን እንሳሳታለን። ሦስቱ ቅኝ ግዛቶች በአንድ ጥቅል ታስረው ነበር፤ በጥቅሉ ውስጥ ከባዷ ደግሞ ሊቢያ ነበረች። የሶቪየቱ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሎቶቭ በ1945 ለንደን ላይ የትሪፖሊታንያን (የሊቢያን ምዕራባዊ ክፍል) ሞግዚትነት፣ ማለትም በአደራ የማስተዳደር ሥልጣን፣ ለሶቪየት ሲጠይቅ እንግሊዞች ደነገጡ፤ የሜዲትራኒያን ባሕር መንገዳቸው ነው። ፈረንሳይ ጣሊያን ወደ ቅኝ ግዛቶቿ እንድትመለስ ትፈልግ ነበር፤ ሊቢያ ነጻ ከወጣች ቱኒዝያና አልጄሪያ ምን እንደሚሉ ታውቀዋለች። ሶቪየት ደግሞ በ1948ቱ የጣሊያን ምርጫ ዋዜማ ለኮሚኒስቶቹ ድምፅ ይጠቅማል ብላ ቅኝ ግዛቶቹ ለጣሊያን ይመለሱ አለች። ኮሚኒስቶቹ ሲሸነፉ ግን አቋሟን አጠፈች። እንግሊዝ ለረጅም ጊዜ ያቀነቀነችው መከፋፈልን ነበር፤ ደጋውና ምሥራቁ ለኢትዮጵያ፣ ምዕራቡ ቆላ ለሱዳን። አሜሪካም ውሎ አድሮ ወደዚሁ ተጠጋች። እዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ኤርትራ ራሷን ችላ የታየችበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ኢትዮጵያስ? መጀመሪያ የጠየቀችው ኤርትራንም የጣሊያን ሶማሊያንም ነበር። ክርክሯ በሦስት እግር የቆመ ነው፤ የታሪክና የሕዝብ ዝምድና፣ የባሕር በር፣ ደኅንነት። ከሦስቱ እኔ የምመዝነው ሦስተኛውን ነው፤ በአድዋ ዘመቻም ሆነ በ1935 የጣሊያን ጦር የተነሳው ከዚያው ከኤርትራ ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከአንድ በር ወራሪ የገባበት ሰው ያን በር ክፍቱን ልተወው አይልም። ለዚህም ነው ለአዲስ አበባ ጣሊያን በየትኛውም ስም፣ በሞግዚትነትም ቢሆን፣ ወደ አካባቢው መመለሷ ከሁሉ የከፋው ነገር የነበረው።

አሁን ወደ ቆጠራው ልምጣ፤ ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው።

በጠቅላላ ጉባኤ እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚያልፈው ተገኝተው «አዎ» ወይም «አይ» ካሉት ሁለት ሦስተኛውን ሲያገኝ ነው። ድምፀ ተዓቅቦ አይቆጠርም። በ1949 የጸደይ ስብሰባ ድምፅ የሰጡት 58 አገሮች ናቸው። ከእነዚህ ሃያው የላቲን አሜሪካ አገሮች ነበሩ፤ በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በስደተኛ ቁርኝት ብዙዎቹ ለጣሊያን ያደሉ ነበር። እስቲ አስሉት። ሁሉም ድምፅ ቢሰጥ ለማለፍ 39 ያስፈልጋል። ሃያው ሲቀነስ የሚቀረው 38 ነው። ላቲን አሜሪካ አንድ ላይ ከቆመ፣ የተቀረው ዓለም በሙሉ ቢስማማ እንኳ፣ አንድ ድምፅ ይጎድላል። ጣሊያን በወቅቱ የድርጅቱ አባል አልነበረችም፤ ወንበር እንኳ የላትም። ሆኖም በወዳጆቿ በኩል የማገድ ኃይል ነበራት። ዋሽንግተንም ለንደንም ቢሆኑ ይህን ግድግዳ በትእዛዝ ማፍረስ አይችሉም ነበር።

የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቤቪንና የጣሊያኑ ስፎርዛ በግንቦት 1949 የተስማሙት ይህን ሒሳብ አውቀው ነው። ጥቅሉ እንዲህ ነበር፦ በሊቢያ ሲሬናይካ በእንግሊዝ፣ ፌዛን በፈረንሳይ፣ ትሪፖሊታንያ ደግሞ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በጣሊያን ሞግዚትነት ሥር ይሁኑ፤ ሶማሊያ ለጣሊያን ሞግዚትነት ትሰጥ፤ ኤርትራ ከምዕራቡ ክፍል በስተቀር ከኢትዮጵያ ጋር ትቀላቀል፤ ምዕራቡ ወደ ሱዳን ይሂድ። የሱዳኑ ቁራጭ ገና በኮሚቴ ደረጃ ወደቀ። የቀረው ወደ ምልዓተ ጉባኤው ቀርቦ በየአንቀጹ ድምፅ ተሰጠበት።

ኤርትራን፣ ከምዕራቡ ክፍል በስተቀር፣ ከኢትዮጵያ የሚቀላቅለው አንቀጽ 37 ድጋፍ፣ 11 ተቃውሞና 10 ድምፀ ተዓቅቦ አገኘ። ሁለት ሦስተኛውን አልፎ ተርፎታል። አስመራና ምጽዋ ያለ ፌዴሬሽን፣ ያለ ራስ ገዝ፣ በቀጥታ ለኢትዮጵያ ሊሰጡ የቀረው ጥቅሉ በሙሉ ማለፉ ብቻ ነበር። ትሪፖሊታንያን ለጣሊያን የሚሰጠው አንቀጽ ግን 33 ለ17 በ8 ድምፀ ተዓቅቦ ሆነ። ድምፅ የሰጡት 50 ናቸው፤ የሚያስፈልገው 34 ነው። አንድ ጎደለ። «አይ» ካሉት መካከል ደግሞ ከሃያዎቹ አንዷ የሆነችው የሃይቲ መልእክተኛ ኤሚል ሴን ሎ ይገኝበታል። የሶማሊያውም አንቀጽ አላለፈም። ጣሊያን ትሪፖሊንና ሶማሊያን ስታጣ ላቲኖቹ የጥቅሉን ቅሪት የሚደግፉበት ምክንያት አልነበራቸውም። ለመጨረሻ ጊዜ ጥቅሉ በአጠቃላይ ለድምፅ ሲቀርብ በከፍተኛ ልዩነት ወደቀ፤ የኤርትራም አንቀጽ አብሮ ሄደ።

ይህን ለተማሪዎች ስነግር ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ «ታዲያ የኤርትራን ብቻ ለይተው ለምን አላጸደቁም?» የሚል ነው። መልሱ ቀላል ነው፤ ጥቅል የተሠራው እንዳይለይ ነው። ለኤርትራ አንቀጽ እጃቸውን ካነሱት ብዙዎቹ ያነሱት ለትሪፖሊ ሲሉ ነበር። ኤርትራ በዚያ ምሽት ወደ ኢትዮጵያ ያልሄደችው፣ ስለ ኤርትራ በተባለ ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ጣሊያን አቋሟን ገለበጠች። እኔ ካላገኘሁት ማንም አያግኘው በሚመስል ስሌት፣ ለሊቢያም ለኤርትራም ነጻነት ይሰጥ ማለት ጀመረች። በኤርትራ ውስጥም በዚያው በ1949 የነጻነት ብሎክ ተቋቋመ፤ በ1946 ከረን ላይ የተመሠረተው የኢብራሂም ሱልጣን ራቢጣ አል ኢስላሚያ (የሙስሊሞች ማኅበር)፣ የራስ ተሰማ አስበሮም «ኤርትራ ለኤርትራውያን» ወገንና ሌሎችም አንድ ላይ ቆሙ፤ ወልደአብ ወልደማርያምም ከዚህ ጎራ ነበሩ። ብሎኩ የብዙ ሰው እውነተኛ ፍላጎት ያዘለ ነበር። ሆኖም የጣሊያን ድጋፍ ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ በዛ፤ የትናንቱ ገዢ የዛሬ ነጻ አውጪ ሆኖ ሲቀርብ ያላመኑ ሰዎች እየከዱ ሄዱ፤ የምዕራቡ ቆላ ሙስሊሞችም የራሳቸውን ራቢጣ ይዘው ተገነጠሉ። በሌላው ወገን በተድላ ባይሩ ዋና ጸሐፊነት የሚመራው የአንድነት ማኅበር ከኢትዮጵያ በገንዘብም በቤተ ክርስቲያንም ይደገፍ ነበር። በአንድነት ስም የሚንቀሳቀሱ ሽፍቶች በነጻነት ደጋፊዎች ላይ ያደረሱት ግድያና ማስፈራራት ደግሞ የዚህ ታሪክ ጥቁር ገጽ ነው፤ አንድነትን የሚወድ ጸሐፊ ሁሉ የሚያልፈው ስለሆነ እኔ አላልፈውም። በየካቲት 1950 የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች እዚያው እያሉ አስመራ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም ተጋጭቶ ብዙ ሰው ሞቷል።

መርማሪዎቹን የላከው በኅዳር 21 ቀን 1949 የወጣው ውሳኔ ቁጥር 289 ነው። ይህ ውሳኔ ጥቅሉን ፈታው፤ ሊቢያ እስከ ጥር 1 ቀን 1952 ነጻ ትውጣ፣ ሶማሊያ በጣሊያን ሞግዚትነት ለአሥር ዓመት ቆይታ ነጻ ትውጣ አለ። ለኤርትራ ግን መልስ ስላልነበረው አምስት አገሮችን መርጦ አጥኑልን አለ፦ በርማ፣ ጓቲማላ፣ ኖርዌይ፣ ፓኪስታንና ደቡብ አፍሪካ። አምስቱ ከኤርትራ ይዘው የተመለሱት ሦስት መልስ ነው። ኖርዌይ ሙሉ ውሕደት፤ ጓቲማላና ፓኪስታን በተባበሩት መንግሥታት ሞግዚትነት ቆይታ የምትገኝ ነጻነት፤ በርማና ደቡብ አፍሪካ ከኢትዮጵያ ጋር ፌዴሬሽን። እንግዲህ «ፌዴሬሽን» የሚለው ቃል በሰነድ ክብደት ያገኘው ከአምስት በሁለት ድምፅ ነው።

የ1950 በጋ የድርድር ወራት ነበሩ። አሁን ጥቅል ስለሌለ እያንዳንዱ ወገን ስለ ኤርትራ ብቻ መነጋገር ነበረበት፤ የማገጃው ሒሳብም አልተለወጠም። ለሙሉ ውሕደት ሁለት ሦስተኛ አይገኝም፤ ላቲኖቹና የእስላም አገሮቹ አሉ። ለሙሉ ነጻነትም አይገኝም፤ እንግሊዝ፣ አሜሪካና ወዳጆቻቸው አሉ። መከፋፈሉን ደግሞ አንድነቱም ነጻነቱም አውግዘውታል። የቀረው የትኛውም ወገን «ተሸነፍኩ» ሳይል ሊወጣበት የሚችል ቀመር መፈለግ ነበር። ጣሊያን ሁለት እኩል አካላት ያሉት እውነተኛ ፌዴሬሽን አለች። ኢትዮጵያ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ገደማ ከሆነ ግዛት ጋር እኩል ወንበር አልካፈልም አለች። ላቲን አሜሪካውያን በመካከል ገብተው ቃል ሲያለዝቡ ከረሙ።

የአክሊሉ ሀብተወልድ ድርሻ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ንግግራቸው ጥሩ ነበር፤ ትልቁ ሥራቸው ግን ቆጠራውን አንብበው ጎመን በጤና ማለታቸው ነው። መንግሥታቸው ሙሉ ውሕደት ይፈልግ ነበር፤ እርሳቸው ግን ያ እንደማይገኝ ተረድተው «በኢትዮጵያ ዘውድ ሉዓላዊነት ሥር» የሚለው ሐረግ እስካልተነካ ድረስ የቀረውን ካንገት በላይ ተቀበሉ። ይህ ሐረግ ገባ።

አሜሪካን በተመለከተ፣ በአስመራ የነበራት የራዲዮ ጣቢያ፣ በኋላ ቃኘው ጣቢያ የተባለው፣ በእርግጥ ከባድ ሚዛን ነበረው። የኮሪያ ጦርነት በሰኔ 1950 ሲፈነዳ ሚዛኑ ይበልጥ ከበደ። የጦር ሰፈሩ ስምምነት የተፈረመው ግን ከፌዴሬሽኑ በኋላ በግንቦት 22 ቀን 1953 ነው፤ የቃኘው ሻለቃም ኮሪያ የደረሰው ድምፁ ከተሰጠ ከወራት በኋላ በ1951 ነው። መተማመኛ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ነበረ። ነገር ግን አሜሪካ ኤርትራን «ለመስጠት» በእጇ አልነበረችም። የነበራት አንድ ድምፅና ወዳጆቿን የማግባባት አቅም ነው። ያን አቅም ላቲኖቹን ወደ መካከለኛው ቀመር ለማምጣት ተጠቀመችበት። «ሰጠች» የሚለው ቃል ኃይሏን ያጋንናል፤ ኢትዮጵያ የፈለገችውን ሙሉ ውሕደት ለምን እንዳላገኘችም አያብራራም።

በ14 አገሮች የቀረበው ረቂቅ በታኅሣሥ 2 ቀን 1950 በ46 ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተዓቅቦ ጸደቀ። ውሳኔ 390 ሀ ይባላል። ሶቪየትና ጓዶቿ ነጻነት ይሰጥ ብለው ከተቃዋሚዎቹ ጋር ቆሙ።

ጽሑፉን ራሱን ማንበብ ይጠቅማል። መግቢያው የኤርትራን ነዋሪዎች ፍላጎትና ደኅንነት፣ የምሥራቅ አፍሪካን ሰላምና ጸጥታ፣ እንዲሁም የኢትዮጵያን መብትና ጥያቄ፣ በተለይም በቂ የባሕር በር የማግኘት ሕጋዊ ፍላጎቷን ጎን ለጎን ይደረድራል። ከሦስቱ ሁለቱ ቢጋጩ የትኛው ይቀድማል? ጽሑፉ ዝም ይላል። 46 ድምፅ የሚሰበሰበውም እንዲህ ባለ ዝምታ ነው።

ከ1 እስከ 7 ያሉት አንቀጾች «የፌዴራል አክት» ተባሉ። ኤርትራ በኢትዮጵያ ዘውድ ሉዓላዊነት ሥር ከኢትዮጵያ ጋር የተፌደረች ራስ ገዝ አካል ናት። በውስጥ ጉዳይዋ የራሷ ሕግ አውጪ፣ አስፈጻሚና ዳኝነት አላት። መከላከያ፣ ውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብና ፋይናንስ፣ የውጭና በሁለቱ መካከል ያለ ንግድ፣ ወደቦችን ጨምሮ መገናኛ የፌዴራሉ ናቸው። ጉምሩኩ አንድ ነው፤ መድረሻው ወይም መነሻው ኤርትራ ከሆነ ዕቃ የሚሰበሰበው ቀረጥ ግን ለኤርትራ ይሰጣል። (ሂሳቡን የሚይዘው ማን ነው? ፌዴራሉ። የኋላው ጭቅጭቅ ከዚህች መስመር ብዙ ተቀድቷል።) ከሁለቱም እኩል ቁጥር ያላቸው አባላት የሚገኙበት የንጉሠ ነገሥቱ የፌዴራል ምክር ቤት ይቋቋማል፤ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይሰበሰባል፤ ስለ ጋራ ጉዳዮች ምክር ይሰጣል። ምክር ብቻ።

አሁን ወደ ክፍተቱ። አክቱ በተደጋጋሚ «የፌዴራሉ መንግሥት» ይላል፤ ኤርትራውያንም በሕዝባቸው ልክ በዚህ መንግሥት ሕግ አውጪ፣ አስፈጻሚና ዳኝነት ይሳተፋሉ ይላል። ያ መንግሥት ግን ማን ነው? የት ነው? በማን ይቋቋማል? አንድም አንቀጽ አያቋቁመውም። አዲስ አበባ «ያለው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ራሱ ነው» አለች። ብዙ ኤርትራውያን ከሁለቱም በላይ የሚቆም ሦስተኛ አካል ጠበቁ። ረቂቁን የጻፉት ዲፕሎማቶች ይህን ጉድለት ሳያዩት ቀርተው አይመስለኝም። ቢያስተካክሉት ወይ ኢትዮጵያን ወይ የጣሊያንን ወዳጆች ያጡ ነበር፤ ስለዚህ ክፍቱን ተዉት። ቁልፍ ሠርተው ቁልፉን የሚይዘውን ሰው ሳይጠሩ ሄዱ።

የቀረውን ሥራ የተረከቡት የቦሊቪያው ኤዱዋርዶ አንዜ ማቲዬንሶ፣ የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽነር ናቸው። ታታሪና ግትር ሰው ነበሩ፤ ግትር የምለው አክብሬ ነው። ሥልጣናቸው የኤርትራን ሕገ መንግሥት ከሕዝቡ፣ ከኢትዮጵያና ከእንግሊዝ ጋር እየተመካከሩ ማርቀቅ እንጂ የፌዴራሉን መንግሥት ማዋቀር አልነበረም። ስለዚህ የዋናውን ክፍተት ዳር ዳር እየዞሩ በሚችሉት ሁሉ አጥር ለመሥራት ሞከሩ። ኢትዮጵያ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ የኤርትራን ሥራ አስፈጻሚ እንዲሾም ፈለገች፤ ኮሚሽነሩ እምቢ አሉ። በመጨረሻ እንደራሴው የምክር ቤቱን ጉባኤ በንግግር የሚከፍት፣ ሕግ የሚያውጅ፣ በ20 ቀን ውስጥ ተቃውሞ ካለው ሕጉን ለድጋሚ ምክክር የሚመልስ ሆነ። ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከጸናበት ሕጉ ያልፋል። ትግርኛና ዐረብኛ የኤርትራ የሥራ ቋንቋዎች ሆኑ፤ የራሷ ሰማያዊ ሰንደቅም ተፈቀደላት።

በመጋቢት 1952 ለ68 መቀመጫ ምርጫ ተደረገ፤ አስመራና ምጽዋ በቀጥታ፣ የቀረው አገር በወኪሎች አማካይነት። ግማሹ ክርስቲያን ግማሹ ሙስሊም ነው የተመረጠው። የአንድነት ማኅበር 32 አገኘ፤ ብቻውን ግማሽ አልሞላም። ምክር ቤቱ በሐምሌ 10 ቀን ሕገ መንግሥቱን አጸደቀ። ንጉሠ ነገሥቱ የፌዴራሉን አክት ያጸደቁት በመስከረም 11 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የ1945 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ። በመስከረም 15 ቀን 1952 እንግሊዞች አስረክበው ወጡ፤ የሰላም ውሉ ከጸናበት ዕለት ልክ አምስት ዓመት።

አለመመጣጠኑ ግን ገና ከጅምሩ ይታያል። በአንድ በኩል በ1931ዱ ሕገ መንግሥት የሚመራ፣ የሕዝብ ምርጫ የማያውቅ ዘውዳዊ መንግሥት። በሌላ በኩል የተመረጠ ምክር ቤት፣ ፓርቲ፣ ነጻ ጋዜጣና የሠራተኛ ማኅበር ያለባት ራስ ገዝ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት የመንግሥት ጠባይ። ያ ጣሪያ የተሠራው ድምፅ ለመሰብሰብ እንጂ ለመኖሪያ አልነበረም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ሕዝቡ ተጠይቆ እንደሆነ ነው። ሁለት ጊዜ ተጠይቋል፤ ሁለቱም ጊዜ ግን በሸንጎና በተወካይ እንጂ በድምፅ መስጫ ሳጥን አይደለም። የአራቱ ኃያላን ኮሚሽን በ1947 መጨረሻ መጥቶ የየወረዳውን ተወካዮች ሲጠይቅ አንድም ወገን ከግማሽ አላለፈም፤ አንድነት ቀዳሚ፣ ራቢጣ ተከታይ ነበሩ። የአምስቱ ኮሚሽን በ1950 ሲመጣ በየሜዳው ሕዝብ ሰብስቦ አዳመጠ፤ አባላቱ የሰሙት አንድ ሆኖ ሳለ የጻፉት የተለያየ ነው። «ፌዴሬሽን ትፈልጋላችሁ?» ተብሎ የተጠየቀ ገበሬ ግን አልነበረም። ምክር ቤቱም ቢሆን የተመረጠው ውሳኔው ካለቀ በኋላ ሕገ መንግሥቱን ለማጽደቅ ነው። ስለዚህ «ሕዝቡ መረጠ» ማለትም «ማንም አልጠየቀውም» ማለትም ልክ አይደሉም።

ወደ 1962 ስንመጣ፣ የፌዴሬሽኑ ምሰሶዎች ከዚያ በፊት አንድ በአንድ ወድቀው ነበር። ተድላ ባይሩ በ1955 ከሥራ አስፈጻሚነት ለቀቁ፤ ሰንደቁ ወረደ፤ ቋንቋዎቹ ለአማርኛ ቦታ ለቀቁ፤ በመስከረም 1961 የትጥቅ ትግሉ ተጀመረ። በኅዳር 14 ቀን 1962 ምክር ቤቱ የፌዴሬሽኑ መጨረሻ ታወጀበት። መንግሥት ተወካዮቹ በፈቃዳቸው ተዋሐዱ አለ፤ የተቃወሙት ወታደር ከቦን በንባብ ተነገረን እንጂ ድምፅ አልሰጠንም ይላሉ።

የተባበሩት መንግሥታት ዝምታ ሕግ ከማጣት የመጣ አይደለም። ማቲዬንሶ በመጨረሻ ሪፖርታቸው ላይ የሕግ ባለሙያዎችን አስተያየት አስፍረዋል፤ አክቱ ወደ ሥራ ከገባ በኋላም የጉባኤው ውሳኔ ዓለም አቀፍ ሰነድ ሆኖ ይቆያል፣ ከተጣሰም ጉባኤው ጉዳዩን እንደገና ሊያየው ይችላል የሚል ነው። ይሁን እንጂ ጉባኤው በራሱ አይነሳም፤ ጉዳዩን አጀንዳ የሚያስይዝ አባል አገር ያስፈልጋል። ኤርትራ አባል አይደለችም፤ ውጭ ጉዳይዋን በአክቱ ለፌዴራሉ አስረክባለች። አቤት የምትልበት አፏ የተከሳሹ አፍ ነበር። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ፣ በ1950 ድምፅ ከሰጡት 46 አገሮች አንዱም ጉዳዩን አላነሳም። አሜሪካ የጦር ሰፈር አላት። ጣሊያን ከአዲስ አበባ ጋር ታርቃለች። አዲስ ነጻ የወጡት አፍሪካውያን ደግሞ በወራት ውስጥ፣ በግንቦት 1963፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ለመመሥረት አዲስ አበባ ላይ ሊሰበሰቡ ነው፤ የአስተናጋጃቸውን ውሳኔ ለመመርመር የሚሹ አልነበሩም።

ድርጅቱ ወደ ኤርትራ ጉዳይ በታዛቢነት የተመለሰው ከሠላሳ ዓመት ጦርነት በኋላ፣ በሚያዝያ 1993 ለተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ነው። የዚያን ጊዜ ሳጥን ነበረ፤ ጥያቄው ነጻነት «አዎ» ወይስ «አይ» የሚል ሲሆን 99.8 ከመቶው «አዎ» አለ። ፌዴሬሽን የሚል አማራጭ በወረቀቱ ላይ አልነበረም።